ከወርቁ በፊት የነበሩት አራት ዓመታት

ከጦር ኃይሎች የሚነሳው ቀላል ባቡር መገናኛን አልፎ ጉርድ ሾላ ሲቆም፣ ከሚወርደው ሰው መሃል ሯጮቹን መለየት አይከብድም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የቢሮ ሠራተኛው ገና ወደ ሥራው ሲጣደፍ እነሱ የቀኑን ከባድ ሥራ ጨርሰው እየተመለሱ ነው። ቱታቸው በላብ ርሶ ደርቋል፤ ጫማቸው ከየካ ተራራ ያነሳውን ጭቃ እንደያዘ ነው። ጫማውን ቀረብ ብሎ ላየው ብዙ ይናገራል። ሶሉ በውጪው በኩል ተበልቶ አልቋል፣ አፍንጫው በእጅ ተሰፍቷል፣ ማሰሪያው ከሌላ ጫማ የተወሰደ ነው። ታላቅ ለታናሽ ያወረሰው ጫማ ነው። ሰፋ ካለ ሁለት ካልሲ ተደርቦ ይደረጋል።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ጉርድ ሾላ ነው። ወደዚያ በር የሚያመሩት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ስማቸውን ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ይገባሉ፤ ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ ወይም ከትግራይ መጥተው ኮተቤና የካ አካባቢ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ማንም የማያውቃቸው ልጆችም ይመጣሉ። ስለ ሩጫችን ሲጻፍ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጨረሻው ዙር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ ማሸነፍ ከመጀመሯ በፊት ባሉት ዓመታት ምን በልታ፣ የት አድራ፣ በማን እምነት ነው ሯጭ ሆና የምትቆየው?

ይህን ለማወቅ ከደራርቱ ቱሉ የተሻለ ታሪክ የለንም። መድረሻዋን ሁላችንም እናውቀዋለንና አነሳሷን እንይ።

ደራርቱ የተወለደችው አርሲ ውስጥ በቆጂ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ለወላጆቿ ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ ናት። እንደ አካባቢው ልጆች ከብት ጠብቃለች፣ ፈረስ ጋልባለች። ትምህርት ቤት ውስጥ 400 ሜትር ሲሮጥ የትምህርት ቤቱ ኮከብ የነበረውን ወንድ ልጅ ቀደመችው። በወረዳ ውድድር ደግሞ 800 ሜትር አሸነፈች። እነዚህ ሁለት ድሎች ሩጫ ሕይወት ሊሆናት እንደሚችል ለራሷ አሳመኗት። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሲን ወክላ በ1,500 ሜትር ከአገሪቱ ታዋቂ ሴት ሯጮች ጋር ተሰለፈች። አላሸነፈችም። በዚያው ጊዜ ገደማ ግን የፖሊስ ሠራዊት ቀጠራት፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ልጅ ደመወዝተኛ ሯጭ ሆነች።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ውጤቶች በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1989 ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና 23ኛ ወጣች። በ1990 ፈረንሳይ፣ ኤክስ ሌ ቤን ላይ 15ኛ ሆነች። በዚያው ዓመት ክረምት ቡልጋሪያ ውስጥ ፕሎቭዲቭ ከተማ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1991 ቤልጂየም፣ አንትወርፕ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሁለተኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ስምንተኛ ሆነች። ከ23 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 2 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቷን ብቻ አይቶ የፈረደ ሰው ቢኖር ኖሮ ደራርቱ በቆጂ ተመልሳ ትቀር ነበር።

ጊዜውም ለሯጭ የሚመች አልነበረም። ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. የ1984ቱና የ1988ቱ ኦሊምፒኮች አምልጠዋታል። ጦርነቱ ተጋግሎ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በዚያ ሁሉ መሃል አንዲት የገጠር ልጅ ጠዋት ተነስታ ልምምዷን እንድታደርግ ያስቻላት አስማት አልነበረም። ወር ሲደርስ የሚከፈላት ደመወዝ፣ ከሌሎች ሴት ሯጮች ጋር የምትሠራበት ቡድን፣ ሰዓት ይዞ የሚቆም አሰልጣኝ ነበሯት። ያኔ የብሔራዊ ቡድኑን የረዥም ርቀት ሯጮች ይመሩ የነበሩት ሐንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ፤ ብርቱ ዲሲፕሊናቸውን ከእሳቸው ሥር ያለፈ ሯጭ ሁሉ ያነሳዋል።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ምሽት፣ ባርሴሎና። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሃያ አምስት ዙር ነው። ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር አፈትልካ ወጣች። አገሯ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ከራቀች 32 ዓመት አልፏት ገና መመለሷ ነበር። ከሜየር ጋር አብራ የሄደችው ደራርቱ ብቻ ናት። ሜየር ደጋግማ ዞር እያለች ተራዋን እንድትመራ ጠበቀቻት። ደራርቱ ፈቀቅ አላለችም፤ ከጀርባዋ ተለጥፋ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ዙሮቹን ቆጠረች። ደወሉ ሊደወል ሲል ተፈተለከች። በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ስትጨርስ ሜየር ከአምስት ሰከንድ በላይ ዘግይታ ደረሰች። ደራርቱ ከመጨረሻው መስመር ባሻገር ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደራርቱ ያን ቀን የሃያ ዓመት ወጣት ናት፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም እሷ ሆነች።

የፖሊስ ደመወዝ ከተቆረጠላት ጊዜ እስከዚያች ምሽት ድረስ አራት ዓመት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከእኛ ሩጫ ጋር ምንም የማይገናኝ ስፖርት ይመጣብኛል፤ አሜሪካን ፉትቦል።

በአሜሪካ የፉትቦል ሊግ ውስጥ ያሉት 32 ቡድኖች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ድራፍት በሚባለው ሥነ ሥርዓት አዲስ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ምርጫው ሰባት ዙር አለው፤ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ለመመረጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከወጡ ቢያንስ ሦስት ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ያን ጊዜ የሚያሳልፉት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየተማሩና እየተጫወቱ ነው። ከድራፍቱ በፊት ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተሰብስበው ይፈተናሉ። 40 ያርድ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ያነሳሉ፣ ሐኪም ከራስ እስከ እግር ይመረምራቸዋል። የተመረጠ ልጅ የአራት ዓመት ውል ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ባደረጉት ስምምነት መሠረት የክፍያው መጠን በምርጫው ተራ ይወሰናል። በ2025 የአዲስ ገቢ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 840,000 ዶላር ነበር።

የገንዘቡን መጠን ለማወዳደር አይደለም ይህን የማነሳው። ውድድሩ ጨካኝ ነው፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር እንደሚለው አንድ ተጫዋች በሊጉ የሚቆየው በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ ጉልበቱ ተሰብሮ ውሉን ሳይጨርስ የሚሸኘው ብዙ ነው። ትኩረቴ ሌላ ነው። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመረጥ 199ኛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሜዳ የገባው ከስንት አንዴ ነው፤ ይከፈለዋል፣ ይለማመዳል፣ ይማራል። በሁለተኛው ዓመት ዋናው ተጫዋች ተጎዳና ተራው ደረሰው፤ ሲያበቃ ሰባት ዋንጫ ነበረው። ገና ለማያሸንፍ ልጅ እየከፈሉ መጠበቅ የዚያ ሥርዓት መሠረት ነው። ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችው የፖሊሷ ልጅም ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ በአገራችን አቅም ልክ፣ በወታደራዊ ሥርዓት፣ ያለ ድራፍትና ያለ ቴሌቪዥን።

ክለብ ማለት በእኛ አትሌቲክስ ይህ ነው። መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ፤ እነዚህ ስሞች በቴሌቪዥን የሚሰሙት በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ሰሞን ብቻ ነው፤ ለሯጩ ግን እንጀራ ናቸው። ክለብ ያላት ልጅ ደመወዝ፣ ትጥቅና ወደ ሰንዳፋ የሚወስድ መኪና አላት፤ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሸነፍ ነገ እንድትመለስ የሚጠብቃት ሰው አላት። ክለብ የሌላት ሁሉንም ራሷ ናት የምትሸፍነው። በአሯሯጥ እኩያ ቢሆኑም፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚገኙት በተለያየ ቦታ ነው።

ደራርቱ የሄደችበትን መንገድ ከዓመታት በኋላ የአጎቷ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ ደገመችው። ጥሩነሽ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአርሲ አዲስ አበባ የመጣችው ከዘመዶቿ ጋር እየኖረች ልትማር ነበር። ስትደርስ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፏል። ወደ አገር ቤት መመለስ ምን እንደሚያስከትል ታውቀዋለች፤ እኩዮቿ እየተዳሩ ነው። እህቷ እጅጋየሁም ደራርቱም ሯጮች ናቸውና ወደ ልምምድ ወሰዷት፤ የማረሚያ ቤቶች ፖሊስ ስፖርት ክለብ ተቀበላት። በቀጣዩ ዓመት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ቤልጂየም ኦስተንድ ላይ በወጣቶች የዓለም አገር አቋራጭ አምስተኛ ወጣች። በ2002 ደብሊን ላይ ሁለተኛ፣ በ2003 ሎዛን ላይ አንደኛ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 18 ዓመት ከ90 ቀን ነበር። በግል ውድድር ከእሷ በፊት እንዲህ ወጣት ሆኖ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ የወሰደ አልነበረም። አሰላ ላይ በስሟ የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ዛሬ ከየገጠሩ ልጆችን እየሰበሰበ ያሠለጥናል።

ስለ ከፍታው ቦታ ብዙ ተብሏል፤ እውነትም ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ሆኖም በዚያ ከፍታ የሚኖር ሰው ሁሉ ሯጭ አይሆንም። ሯጭ የሚያደርገው ከፍታውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማወቅ ነው፤ ያ ዕውቀት ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የካና እንጦጦ ጫካ ውስጥ ቀስ ተብሎ በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዙ ይሮጣል፤ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ እግር ያርፋል። ኮሮኮንች የሚሠራው ሰንዳፋና ሱሉልታ ነው። ፍጥነት ሲፈለግ ከፍታው ዝቅ ወደሚልበትና ሞቅ ወደሚለው አቃቂ ይወረዳል። የትኛው ቀን የት እንደሚሮጥ መወሰን የአሰልጣኝ ሙያ ነው። አዲሷ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትማረው ዋና ነገር ፍጥነት አይደለም፤ ቀስ ማለትን ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ በየቀኑ የሚያሸንፍ ይመስለዋልና በቀላል ልምምድ ቀን ቀድሞ ይወጣል፤ በሳምንቱ ይደክማል፣ በወሩ ይጎዳል።

ልምምዱ በመስመር ነው። የፊተኛው ይመራል፣ ሌላው እግሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ድንጋዩንም ሥሩንም የሚያልፈው የፊቱ ሰው በረገጠበት ረግጦ ነው። ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ የሮጠው ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረት ሰጥቶ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ እዚህ ሩጫ ለብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ብቻዋን የምትለማመድ ልጅ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፤ ልምምዱን የሚመራላት፣ ስትደክም የሚጎትታት እግር ግን የላትም። ክለብ ያጣ ጀማሪ ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚያጣው።

አሁን ወዳለንበት ጊዜ ልምጣ፤ የሚያመኝም እሱ ነው። በደራርቱ ዘመን አንድ ያልታወቀ ልጅ ራሱን የሚያሳየው ጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ላይ ወይም አዲስ አበባ ስታዲየም መም ላይ ነበር። ታክሲ ተሳፍሮ ይደርሳል፤ ሮጦ ሰው ፊት ራሱን ያሳያል። ስታዲየሙ ለዓመታት በእድሳት ተዘግቶ ሲቆይ የብሔራዊ ቡድን ማጣሪያዎች ከአገር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የተመረጠው ቡድን ማጣሪያውን የሮጠው ኔዘርላንድስ ውስጥ ሄንግሎ ላይ ነው፤ ለተሰንበት ግደይ ያን ቀን 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ማጣሪያው ስፔን፣ ኔርሃ ተካሄደ። ሰዓቱ ያማረ ነው፣ መሙ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ነገር ግን አውሮፓ ሄዶ ለማጣሪያ ለመሮጥ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለቪዛና ለቲኬት ማናጀር ያስፈልጋል፤ ማናጀር ደግሞ የሚመጣው ስም ከተገኘ በኋላ ነው። ስም የሚገኝበት ሜዳ ባሕር ማዶ ሲሆን፣ ኮተቤ ያለችው ልጅ በምን ትታይ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ማናጀር ሲመጣ ምንም ሳትጠይቅ ትፈርማለች። ማናጀር መጥፎ ነገር ነው አልልም፤ ደጎቹ ሕይወት ለውጠዋል። ከሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳሉ፤ በምትኩ ውድድር ያገኛሉ፣ ቪዛ ያስጨርሳሉ። ችግሩ ወረቀቱ ነው። የጫማ ኩባንያ ውል ውስጥ ሯጩ በተወሰነ ጊዜ ካልተወዳደረ ክፍያው እንደሚቀነስ የሚደነግግ አንቀጽ የተለመደ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ የቤት ቋንቋዋ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ወይም ትግርኛ የሆነ ልጅ ያን አንቀጽ በእንግሊዝኛ ነው የምትፈርመው። ጅማቷ ሲጎዳ ነው የሚነበብላት።

ጉዳት ደግሞ ይመጣል። ደራርቱ ከባርሴሎና በኋላ በጉልበት ሕመም እ.ኤ.አ. 1993ን እና 1994ን ከውድድር ውጪ አሳለፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ! የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ስለነበረች ያልተረሳች ይመስለናል፤ በዚያ ዘመን ግን ብዙዎች አብቅቶላታል ብለው ነበር። በ1995 የተመለሰችው እንግሊዝ፣ ዱራም ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ነው። አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ 24 ሰዓት ያህል ያለ እንቅልፍ ተጉላልታ የደረሰችው ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር። ጫማዋን ቀይራ ገባች፣ አሸነፈችም። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ብርቅ ነው። ልቡ ቢኖራቸውም በሁለቱ የሕመም ዓመታት የሚያቆያቸው አጥተው ያቆሙትን ግን ማን ቆጠራቸው?

አንዳንዶቹ ሌላ በር አገኙ። አርሲ የተወለደችው ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን ሮጣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አዲስ አበባ የተወለደችው ሄዋን አበየ ኤልቫን አቤይለገሠ ሆና ለቱርክ በመሮጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አገራቸውን ጠልተው አይደለም ማለት እችላለሁ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ብቻ ታሰልፋለች፤ አራተኛዋ ልጅ በሌላ አገር አንደኛ ናት። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ በቀጣዩ ዓመት የሦስት ዓመት መጠበቂያ ያለው ጥብቅ ደንብ አወጣ። በሩ ጠበበ። እንግዲህ አራተኛዋን ልጅ የማኖሩ ዕዳ ከበፊቱ ይልቅ በእኛ ላይ ወደቀ።

የጉርድ ሾላው ቢሮ ይህን የሚያውቅ ሰው አጥቶ አያውቅም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2018 ሲለቅ ደራርቱ ተተካች፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። ሦስቱም ከአርሲና ከሸዋ መሬት በእግራቸው የወጡ፣ ጀማሪነት ምን እንደሆነ በሰውነታቸው የሚያውቁ ናቸው። በዓለም ላይ የስፖርት ተቋሙን በተከታታይ እንዲህ ያሉ ሯጮች የመሩለት አገር ካለ ብርቅ ነው። ከእነሱ የምጠብቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ጀማሪ የሚፈርመው የማናጀርና የጫማ ውል ልጁ በሚያነበው ቋንቋ ተተርጉሞ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቅጂ ጉርድ ሾላ ይቀመጥ፤ የክለቦቹ ውል የተጎዳ ሯጭን ቢያንስ ለአንድ የውድድር ዓመት እንዲያቆይ ይደንገግ፤ ከዋናው ማጣሪያ በፊትም ማናጀር የሌለው ልጅ ከኮተቤ በታክሲ ሄዶ የሚሮጥበት፣ ሰዓቱ በሕጋዊ መንገድ የሚመዘገብለት አንድ የመም ውድድር በየዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ ይኑር።